ከቨርጂል ጉድጓድ የወጣችው

ሰኞ፣ ማርች 10

ዝናብ። ማሳው ሁሉ ቀይ ጭቃ ሆኗል፣ መቆፈር የለም። ጉልበቴን ቅባት ቀባሁና መሳቢያዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ የመድፍ ጥይት መለኮሻዎቼን በጥርስ ብሩሽ ሳሻሽ ዋልኩ። አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ከዚሁ ከስፖትሲልቫኒያ አፈር ያወጣኋቸው፣ የሰሜንና የደቡቡ የእርስ በርስ ጦርነት ጥሏቸው የሄደ። ሚስቴ ሎሬታ በበሩ ስታልፍ «ለገዛ ጥርስህ እንዲህ ብታስብለት ኖሮ ዛሬ አፍህ ሙሉ ነበር» አለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ይህችን ቀልድ ሰማኋት። አሁንም ታስቀኛለች።

ሰባተኛዋን ብዙ አየኋት። የጠርሙስ ክዳን የምታክል፣ ግራጫ፣ እርሳስ የተቀላቀለበት ለስላሳ ብረት። ፊቷ ላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር እንደ ሰዓት ዞሯል። መድፈኛው ጥይቱ በስንት ሰከንድ እንዲፈነዳ እንደሚፈልግ ያስብና ያንን ቁጥር በወስፌ ይበሳዋል፤ እሳት በቀዳዳው ገብቶ ውስጥ ለውስጥ ያለውን ባሩድ እየበላ ይሄዳል። የእኔዋ ሦስት ላይ ተበስታለች። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት አንድ ሰው በገዛ እጁ የበሳት። ሁሌ ደስ ይለኛል ይህን ሳስብ... ለምን ደስ እንደሚለኝ ግን እንጃ። ከሦስት ሰከንድ በኋላ የሞተ ሰው ይኖራል እኮ።

ምሳ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ። ሎሬታ ቅዳሜ እኔ ሐኪም ዘንድ ሳለሁ ዕቃ ቤቱን አጽድታልኛለች። ገና አላየሁትም፣ አመሰገንኳት።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ጣሳው የለም።

ዘይት ፈልጌ ዕቃ ቤት ገባሁ። መደርደሪያው ተጠርጓል፣ ብሎኑ ለብቻ፣ ሚስማሩ ለብቻ ተለይቷል። ከታች፣ ከመጋዙ ኋላ፣ የነበረው የቀለም ጣሳ ቦታው ባዶ። ክብ የዝገት ምልክት ብቻ ቀርቷል። ቆሜ ምልክቱን አየሁት። 

ሎሬታን እንደ ቀላል ነገር ጠየቅኳት። ጣሳውን ለቨርጂል፣ ለቁፋሮ ጓደኛዬ፣ ሰጥታዋለች። «እርሳስ ሲለምን ከረመ አይደል እንዴ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የዓሣ ማጥመድ ቀን የመንጠቆ ማስጠሚያ ሊያቀልጥ? ያ ግሳንግስ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ደስ ብሏት። ቨርጂልም በጣም ደስ ብሎታል አለች።

ለማንም ጽፌው አላውቅም። እዚህ ልጻፈው እንግዲህ።

ጣሳው ውስጥ ያለው የተጣመመ ጥይትና የቧንቧ ቁራጭ ነው። አንድ ደግሞ ከጣሪያው ጭስ ማውጫ ዙሪያ የተረፈ የእርሳስ ሉህ አለ፣ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ በፒንሳ የተቆነጠጠ። እሱ ውስጥ አሥራ ሁለተኛዋ አለች። ያልተበሳች። ቁጥሮቿ ሁሉ ድፍን፣ ባሩዷ ታሽጎ በውስጧ የተቀመጠ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ በሆነው ማሳ፣ ከበሬ ግንባር የማትሰፋ አንዲት የዛፍ ጥላ ሥር። የቨርጂል የብረት መፈለጊያ ጮኸ። አካፋውን እሱ ሰካ። ጉድጓዱ የሱ ነው። እኛ ቆፋሪዎች ዘንድ ሕጉ ይኸው ነው፦ አካፋ የሰካ ባለቤት ነው፣ ሌላው ሰው «ልግባ?» ሳይል እጁን እንኳ አይከትም። ለወንድምህም ቢሆን። ቨርጂል ውሃ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ። እኔ ጎንበስ አልኩ። ከጎን አፈር ውስጥ ጠርዟ ብቅ ብሏል። ሳልጠይቅ ገባሁ። ከዚያ ኪሴ ከተትኳት።

ተመለሰ። መሸት እስኪል ያንን ጉድጓድ ቆፈረ። እኔም አገዝኩት። ኪሴ ውስጥ እያለች አብሬው ቆፈርኩ! «መፈለጊያዬ አርጅቷል መሰለኝ» አለ በመጨረሻ። መሣሪያውን በዓመቱ ሸጠው።

ላሳያት አልችልም፣ የቆፋሪዎች ማኅበራችን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የማን መለኮሻ ከየት እንደወጣ በቃሉ ያውቃል። የሎሬታ መጥረጊያ የማይገባበት መሳቢያ የለም። ስለዚህ ግሳንግስ ውስጥ ከተትኳት። በዘጠኝ ዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ገልጬ አየኋት።

እርሳስ ሲቀልጥ ያ ሉህ ይቀልጣል። እሷም ትቀልጣለች... ባሩዱ ግን አይቀልጥም። የፈላ እርሳስ መሐል። ቨርጂል ደግሞ ጀርባው ስለሚያመው ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፊቱን ድስቱ ላይ ደፍቶ ነው የሚሠራ። መከላከያ መነጽር አድርግ ስለው «ዓሣዎቹ ምን ይሉኛል» ይላል።

ረቡዕ፣ ማርች 12

የነቨርጂል ስልክ አይነሳም። ሎሬታ ትዝ ብሏት ነገረችኝ፦ ልጃቸው ዘንድ ሮአኖክ ሄደዋል፣ ነገ ይመለሳሉ። ተመስገን። ሰው ከሌለ የሚቀልጥ የለም።

ሰው ከሌለ... ሄድኩ። ለሎሬታ ነዳጅ ልቅዳ ብዬ። የቨርጂል ዕቃ ቤት ተቆልፏል። በመስኮቱ አየሁ። ጣሳዬ ጠረጴዛው ላይ፣ ከብረት ድስቱና ከጋዝ ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል። ጭልፋው እንኳ ተዘጋጅቷል። ድንጋይ አነሳሁ። መስኮቷ ትንሽ ናት፣ አንድ ምት ይበቃታል።

አልቻልኩም። ከአንድ ሰው አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ ልሰርቅ? ድንጋዩን ያነሳሁበት ቦታ መለስኩት፣ ሣሩን እንኳ አስተካከልኩ። የዚህ ዓይነት ጨዋነት ደግሞ ከየት መጣ? መንገዱ ላይ ፖስታ አዳይዋ በመኪናዋ አልፋ እጇን አወዛወዘችልኝ። ክው አልኩ። እኔም አወዛወዝኩ።

ነዳጅ ሳልቀዳ ተመለስኩ። የነዳጅ መለኪያው ባዶ ላይ መሆኑን ሎሬታ ነገ መኪናውን ስታነሳ ታየዋለች። ሌላ ውሸት ማሰናዳት አለብኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ደወልኩ። ጠዋት ሙሉ ስለማመድ ቆይቼ፣ ሎሬታ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ።

ምን እንደምል አስቤ ነበር። ያሰብኩት ሌላ፣ ያልኩት ሌላ። ጣሳው ውስጥ በስህተት መለኮሻ ገብቶ እንዳይሆን፣ ባሩድ ያለው ሊሆን ይችላል፣ ሳታቀልጥ እየው አልኩት። እውነትም ነው፣ ውሸትም ነው።

ሳቀብኝ። «አንተ? መለኮሻ ጠፋብህ? ዴልበርት፣ ሚስትህን ገበያ ላይ ትረሳታለህ እንጂ መለኮሻ አትረሳም» አለ። ስልኩን እንደያዘ ጣሳውን ሲዘረግፈው ሰማሁ። ኮሽ ኮሽ... እያንዳንዱን እየጠራ ቆጠረልኝ። ጥይት፣ ጥይት፣ የቧንቧ ቁራጭ፣ የተጠቀለለ የጣሪያ እርሳስ፣ ጥይት። «ምንም የለም ወንድሜ። አርጅተሃል፣ ተኛ።»

የተጠቀለለውን ግለጠው። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። አፌ ላይ ነበር።

ቢገልጠው ግን ምን ይላል? ያልተበሳች መለኮሻ ከየት አመጣህ ይላል። ለምን ደበቅካት ይላል። ያን ቀን ደግሞ ቨርጂል አልረሳውም፤ ባለፈው ገና እንኳ ስለዚያ ጉድጓድ አንስቶ ነበር፣ እንደዚያ ጮሆ ባዶ የሆነ ጉድጓድ አይቼ አላውቅም ብሎ። ሁለትና ሁለትን ለመደመር ቨርጂል ጣት አያስፈልገውም።

«መቼ ነው የምታቀልጠው?» አልኩት። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ገባኝ። ሳልደውል ብቀር ይሻል ነበር። ባልደውል ኖሮ አንዱን ቁራጭ ከሌላው እየለየ በጥንቃቄ ያይ ይሆናል፣ አሮጌ ቆፋሪ ነው። አሁን ግን አይቶ ጨርሷል። እኔ ነኝ ልቡን ያሳረፍኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የእኔ እየከበደ ሄደ።

አርብ፣ ማርች 14

እፈራለሁ። ሌላ የምጽፈው የለም።

አርብ፣ ማታ ላይ

አለ። ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ልነግረው ነው የሄድኩት። እምላለሁ። ኔቲ፣ ሚስቱ፣ በሩን ከፍታ አቅፋኝ የፖም ኬክ ቆረጠችልኝ። ለዓሣው ቀን አርባ ልጆች እንደተመዘገቡ፣ ቨርጂል ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ማስጠሚያ ካልሠራሁ ብሎ እንዳስቸገራት ነገረችኝ። እርሳሱ የሚፈስበትን ቅርጽ እሷ ነች የምትይዝለት። አጠገቡ ቆማ! ይህን አላውቅም ነበር። 

ቨርጂል ወደ ዕቃ ቤት ወሰደኝ፣ ድስቱን ሊያሳየኝ። ጥቅሏ ከጣሳው አናት ላይ ናት። አንድ ክንድ ብትርቀኝ ነው። እጄን ሰድጄ ላነሳት... እሱ ዓይን ዓይኔን ያያል።

«ምን ሆነሃል አንተ? ፊትህ አመድ መስሏል» አለኝ። ጉልበቴ ነው አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ነገ ና፣ አብረን እናቅልጥ፣ ብቻዬን ይሰለቸኛል አለ። እሺ አልኩ። ወዲያው ቀለል አለኝ። ለምን እንደቀለለኝ መኪና ውስጥ ነው የገባኝ፦ ነገ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ የማግዘው መስዬ ጥቅሏን ኪሴ እከታታለሁ፣ ማንም ምንም አያውቅም። ልክ እንደ ያኔው። ውሃ ሊያመጣ ሲሄድ።

ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

ሎሬታ እራት ለምን እንደማልበላ ጠየቀች። ኬክ በልቻለሁ አልኳት። ቢያንስ ይህ እውነት ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 15

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፉ አይነበብም ይሆናል። ማን ሊያነበው።

ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተቀጣጥረን አንድ ተኩል ላይ ደረስኩ። ቨርጂል ግን ዝናብ መጣ ብሎ ቀድሞ ጀምሯል። ከመንገዱ ላይ ሆኜ አየሁት፤ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ሰማያዊ እሳት፣ ከድስቱ ስስ ጭስ። ጎንበስ ብሎ፣ ክርኑ ጉልበቱ ላይ። ኔቲ ወፍራም ጓንት አጥልቃ አጠገቡ። የመኪናውን በር ሳልዘጋ ወረድኩ። መሮጥ አልችልም፣ ሮጥኩ።

ጣሳው ከግማሽ በታች ወርዷል። ጥቅሏን ሳጣት ጊዜ ዓይኔ ጨለመ። ከዚያ አየኋት። በግራ እጁ ይዟታል። የፈሳሹን ቆሻሻ በጭልፋ እየገፈፈ ተራዋን ያስጠብቃታል።

«ቨርጂል፣ እሷን አስቀምጣት።»

ቀና አለ። ሲያየኝ ሊስቅ ነበር፣ አልሳቀም።

«ምኗን?»

«በእጅህ ያለችውን። ከእሳቱ ራቅና መሬት ላይ አስቀምጣት። መለኮሻዋ ውስጥ ናት።»

ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። እርጥቡ ሣር ላይ አስቀመጣት። ተመልሶ ጋዙን አጠፋ።  ከዚያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ጠርዙን በእጁ መፈልቀቅ ጀመረ፣ ቀስ እያለ፣ እንቁላል እንደሚልጥ። ገለጣት። በአውራ ጣቱ ፊቷን ጠረገው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አንዱም አልተበሳም።

ቆሜ ነገርኩት። ዛፉን፣ ውሃውን፣ ኪሴን። አብሬው እስኪመሽ እንደቆፈርኩ።  ስጨርስ ባሩዷ እንዲርስ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጨመራትና አረፋዋን ያይ ጀመር። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ይሰድበኛል፣ ይመታኝ ይሆናል፣ ያልቃል ብዬ አሰብኩ። ሊያልቅ ነው ብዬ!

የተናገረችው ኔቲ ናት። ጓንቷን አላወለቀችም። «ሐሙስ ዕለት ደውለህ ነበር» አለች። ድምፅዋን አልጨመረችም።

«ደውያለሁ።»

«ጣሳውን እያየ የተጠቀለለውን ሲጠራልህ... ያኔ እዚያ ውስጥ እንዳለች ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ትናንት ኬኬን ስትበላም?»

«ያኔም።» 

ቨርጂል ያኔ ነው ቀና ያለው። «ዘጠኝ ዓመቱን ተወው» አለኝ። «ጅል ነበርክ፣ እኔም ብሆን ታጓጓኝ ነበር። ሐሙስን ንገረኝ። ሐሙስ ምን አስበህ ነው ስልኩን የዘጋኸው?»

ምን ልበለው? አፍሬ ነው አልኩት።  ሚስቱን አየ፣ ድስቱን አየ። የረጋው እርሳስ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ ነበር። «ሂድ ዴልበርት» አለ። በስሜ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ወንድሜ» ነበር የሚለኝ፣ ሊቀልድብኝ ሲፈልግ ብቻ ነው በስሜ የሚጠራኝ። አሁን አልቀለደም።

እሑድ፣ ማርች 16

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ለሎሬታ ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ።

ስለ ስርቆቱ ምንም አላለችም። «ጣሳውን የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው» አለች። «ቢሞት እኔ ገደልኩት ብዬ እስክሞት እኖር ነበር። አንተ ይህንንም እያወቅክ ዝም ልትል ነበር?»

ስለሷ አስቤ አልነበረም። አንድ ጊዜም ቢሆን! ይህን ስነግራት ነው ያለቀሰችው።

ረቡዕ፣ ማርች 26

ማሳው ደርቋል። ማንም አልደወለም። መሳቢያዎቹን አልከፈትኩም።

የዓሣው ቀን ቅዳሜ አልፏል። ሎሬታ ብቻዋን ሄዳ ነበር። ማስጠሚያዎቹ ከሱቅ የተገዙ ናቸው አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ሎሬታ ከኔቲ ጋር ተገናኝታ ፖስታ ይዛልኝ መጣች። ውስጡ አንድ ባዶ ካርድ። እኛ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር የምናስቀምጠው፦ ዕቃው፣ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ቀኑ፣ ያወጣው። ከጀርባው በቨርጂል የእርሳስ ጽሑፍ ሁለት መስመር። «ጥልቀቱን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። እኔ እዚያ አልነበርኩም። በእጅህ ጻፈውና ማክሰኞ ማኅበሩ ላይ ይዘህ ና። ሐሙስም ይግባበት።»

ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ዞርኩ። ማኅበሩ ውስጥ ዕቃ ያመጣ ሰው ተነስቶ ካርዱን ጮክ ብሎ ያነባል። ልማዱ ነው፣ እኔው ራሴ ስንት ጊዜ ጉራዬን ነፍቼ አንብቤአለሁ።  የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ... ዘጠኝ ዓመት የሸሸሁት ይኸው እኮ ነው፣ ከማኅበሩ ሰው ፊት መቆም።

ከራሴ ካርዶች ሦስት አበላሸሁ። በመጀመሪያው ላይ «ያወጣው» በሚለው ቦታ የቨርጂልን ስም ጻፍኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ። ኋላ ሳየው ይኸውም ውሸት ነው፣ እሱ አላወጣትም። ቀደድኩት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 8

ማኅበሩ የሚሰበሰብበት የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ። ሃያ ሰው ይሆናል፣ የተለመደው ቡና በወረቀት ኩባያ፣ የተለመደው ደረቅ ብስኩት። ሎሬታ አብራኝ መጣች። አትምጪ ብያት ነበር። ከኋላ ተቀመጠች፣ ከኔቲ አጠገብ።

ቨርጂል መለኮሻዋን ጠረጴዛው መሐል ባዶ ጨርቅ ላይ አኖራት። ባሩዷን አውጥቶላታል። ሰዉ ከበባት፣ ያልተበሳች እኮ ናት፣ ማን እንዳመጣት ይጠያየቁ ጀመር። ቨርጂል በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ተነሳሁ። ካርዱን በሁለት እጄ ያዝኩት። አነበብኩ።

«የመድፍ ጥይት መለኮሻ፣ ያልተበሳች። ከአውራ ጎዳናው በታች፣ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ከሆነው አሮጌ ማሳ። ጥልቀት አሥራ አራት ኢንች፣ ከጉድጓዱ የግራ ግድግዳ። ያወጣው ዴልበርት፣ ከቨርጂል ጉድጓድ፣ ሳይጠይቅ። ዘጠኝ ዓመት ደበቃት። ባለፈው ማርች 13፣ ሐሙስ፣ ቨርጂል ሊያቀልጣት እንደሆነ እያወቀ ሳይነግረው ስልኩን ዘጋ።»

  አንዱ ሽማግሌ ኩባያውን አስቀመጠና ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ከዚያ ሌሎቹም። ካርዱን ከመለኮሻዋ ጎን አስቀመጥኩት፣ ቨርጂል ቀጥ አድርጎ አስተካከለው።

ቨርጂል መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰብኝ። በዚህ ጊዜ ሎሬታ ሞተሩን አስነስታለች። ዓይኔን አላየኝም፣ ጎማዬን ነበር የሚያየው። «ቅዳሜ ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ ላይ ነኝ» አለኝ። «መምጣትህን አልከለክልህም። አጠገቤ ግን አትቆፍር።»

እሺ አልኩት።

አሁን ቤት ነኝ፣ ሎሬታ ሳህን ታጥባለች። ምን ይታወቅብኛል ብዬ የምፈራው ነገር አልቀረም፤ ሃያ ሰው ያውቀዋል፣ እስከ እሑድ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ተነፈስኩ ልበል? ትንሽ ተነፈስኩ። ግን ሌላ ፍርሃት ገብቷል። ያን ሐሙስ ስልኩን የያዘው ሰው እኔ ነኝ። ክፉ መስሎ አልተሰማኝም ነበር እኮ... አንድ ቃል መዋጥ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ተመልሶ ቢመጣ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ምን እንደምል አላውቅም። ከዛሬ በፊት አውቃለሁ ብዬ እምል ነበር።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ራቅ ብዬ እቆፍራለሁ።